ሁሉም አደይ አበባ የሆነ ቀን

ልጄ ስልክ ጠላት ነው ትላለች። ይሄንን የምትነግረኝ በስልክ ነው። ስልክ የልጅን አእምሮ እንዴት እንደሚያበላሽ የሚያስረዳ ቪዲዮ ትልክልኛለች፤ ሳላየው ከቀረሁ ደግሞ ደውላ ትቆጣኛለች። እዚህ ስዊድን አገር እሷ ሁዲንጌ የሚሉት ሰፈር፣ እኔ ሪንከቢ፤ ሶፋዬ ላይ ተጋድሜ ቪዲዮዋን አለማየቴን ከዚያ ሆና እንዴት እንደምታውቅ እንጃ።

አንዲት የአስር ዓመት ልጅ አለቻት። ለልጅቷ ስልክ የገዛችላት ራሷ ናት። ከትምህርት ቤት ወጥታ አውቶቡስ ስትሳፈር ካርታ ላይ ነጥብ ሆና ትታያታለች፤ ነጥቧ ትንሽ ቆም ካለች እናትየዋ ሥራ ጥላ ትነሳለች። ልጅቷ ቤት ስትገባ ግን ያው ስልክ መርዝ ይሆናል። ሼርምቲድ የሚሉት ሕግ አለ፣ ስክሪን የሚታይበት ሰዓት ማለት ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ የልጅቷ ስልክ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ ይከደንበታል። የእናትየዋ አይገባም። "የሥራ ነው" ትላለች። ሥራዋ ኮሙን ነው፣ ማዘጋጃ ቤት ማለት ነው። ኮሙን በእራት ሰዓት የሴት ጫማ እንደሚሸጥ እኔ የማውቀው ነገር የለም።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይሄንንም በአፌ እያወራሁ ነው የሚጻፍልኝ። ስልኬ ላይ ሰው የምለየው በፎቶው ነው። ልጄ በቬሎ ያለችው ናት። የቤተክርስቲያናችን ሴቶች የጸሎት ግሩፕ የተከፈተ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። የልጅ ልጄ ቢጫ አበባ ናት። ማይኳን ተጭኜ አወራለሁ፣ ስለቃት ይሄዳል። በቃ፣ ዩኒቨርሲቲው ይሄው ነው።

አሁን ምስጢሩን ልናገር። ልጅቷ ፊት ለፊት አማርኛ አትናገርም። ይገባታል፣ ግን በስዊድንኛ ነው የምትመልሰው። ድሮ አንዴ እንግዳ ፊት ሞክራ ሁሉም ሳቀባት፤ ከዚያ ወዲያ አፏን ዘጋች። እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽም። በኋላ ግን ከአውቶቡስ ላይ ቮይስ ትልክልኝ ጀመር፣ በአማርኛ። ሲበላሽባት አጥፍታ እንደገና ትቀዳዋለች፤ ማንም አያያትም፣ ማንም አይስቅባትም። "እማማ፣ ዛሬ ሒሳብ ነበረ። ከባድ ነበረ። አንቺ ምን በላሽ?" እንዲህ ያለ ወሬ ነው። እርስዎ የሚባለው ጋ ገና አልደረሰችም፣ ምሬያታለሁ። ለእናቷ እንዳልነግር ቃል አስገባችኝ።

ባለፈው አዲስ ዓመት ዋዜማ እናትየዋ ቆረጠች። ስልኩን ልትወስድባትና በምትኩ የእጅ ሰዓት ልትገዛላት። ሰዓቱ ቮይስ የለው፣ ፎቶ የለው፤ ነጥቧን ብቻ ያሳያል። የእንቁጣጣሽ ዕለት ጠዋት ከልጅቷ ቮይስ መጣልኝ። ድምፅዋ ቀጥኗል። "እማማ፣ ቅዳሜ ስልኬ ይሄዳል። ከዚያ እንዴት ላውራሽ?"

ሰማሁት፣ ደሜ ፈላ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ወርውሬ ሻይ ጣድኩ። ሻዩም አላበረደኝም፤ ተመልሼ ቢጫ አበባዋን ፈልጌ ማይኳን ተጫንኳት።

"የኔ ቆንጆ፣ አይዞሽ። እናትሽ ስልክ ሱስ ነው ትላለች፣ የራሷን ሽንት ቤት ይዛ ትገባለች። እግሯ እስኪደነዝዝ እዚያ ተቀምጣ ጫማ ታያለች። ልጅ ሆና ከቴሌቪዥን ፊት በጆሮዋ ጎትቼ ነበር የማነሳት። ቆርቆሮው የሚያስፈልገው ለሷ ነው፣ ከነጭንቅላቷ።"

ለቀቅኳት፣ ሄደ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ለካ በእንቁጣጣሽ የኛ ሰው ሁሉ ፎቶውን አውጥቶ አደይ አበባ ያደርጋል። ልጄ አደይ አበባ፣ ጎረቤቴ አደይ አበባ፣ የጸሎት ግሩፑ መጽሐፍ ቅዱሱን አንስቶ አደይ አበባ። ስልኬ የመስከረም መስክ ሆኗል፤ እኔ ከላይ ያገኘሁትን ቢጫ ነው የነካሁት።

የመጀመሪያው መልስ ከአንዲት የግሩፑ ሴት መጣ። "እማማ ይባረኩ፣ መልእክቱ ለኔም ነው" አለች። የልጅ ልጄ እንዲህ የወፈረ ድምፅ የላትም። ሁለተኛዋ ስቃ ስቃ መናገር አቃታት። ሦስተኛዋ ለማን እንደምንጸልይ በትሕትና ጠየቀች። ልጄ እዚያው ግሩፕ ውስጥ ናት።

ከሥራ በቀጥታ መጣች። ኮቷን አላወለቀችም። "እማዬ፣ ሽንት ቤቴን የጸሎት ርዕስ አደረግሽው" አለችኝ። አንዷ እህት አሜን ማለቷን ልነግራት ፈልጌ ፊቷን አይቼ ተውኩት። ቀጠለች። "የኔ ቆንጆ ያልሽው ማንን ነው?"

እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት። ብናገር የልጅቷን ቃል በላሁ፤ ባልናገር ቅዳሜ ሰዓቱ ይገዛል፣ ያቺ ድምፅ ጠፋች። ትንሽ ሳልኩ። ሳሉ አላዋጣም። ስልኬን አውጥቼ አሰማኋት።

ልጄ በሩ አጠገብ ጫማ የምናወልቅበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሁሉንም ክፈቺልኝ አለች። ሒሳቡን፣ የዝናቡን፣ ጓደኛዋ ስላኮረፈቻት የላከችውን፣ አንድ በአንድ ሰማች። ኪሷ ውስጥ ስልኳ ሁለቴ ተንጫጫ፣ ዞር ብላ አላየችውም። ከወለድኳት ጀምሮ እንዲህ ስትታገሥ አላየኋትም። አንዱ ላይ ልታርም አፏን ስትከፍት ስልኩን ቀማኋት።

"ለኔ ለምን አትልክም?" አለችኝ በመጨረሻ።

"ስለምትስቂባት" አልኳት። "እኔ ስስቅ ቢያንስ ብቻዬን ነኝ።"

ተቆጥታ ነው የሄደችው፤ ግን ቅዳሜ መጣ፣ ሰዓቱ አልተገዛም። ቆርቆሮው እንዳለ አለ። አሁን እራት ሲቀርብ የሷም ስልክ ይገባበታል፤ ክዳኑን የምትከድነው ልጅቷ ናት አሉ፣ ጥብቅ አድርጋ።

እኔ ግን ተቀጣሁ። ቃሌን መብላቴን ሰምታ ልጅቷ አኮረፈችኝ፤ አንድ ቀን ቮይስ የለም፣ ሁለተኛም የለም። ቢጫዋን አበባ እያየሁ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። አውቶቡሱ ከኋላ ይሰማል፣ ድምፅዋ አልቀጠነም።

"እማማ፣ ያንቺ አፍም ቆርቆሮ ውስጥ ይግባ።"

ስድስቴ ሰማሁት። አልጠፋም፣ እዚሁ ስልኬ ላይ አለ።