ይገልብጡት

ኮምፒውተር ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ ብስራተ ገብርኤል ሰፈር ባለ አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን ውጤት የያዘውን ማሽን የምንከባከበው እኔ ነበርኩ። ሁለቱ ዲስኮቹ የሚይዙት አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲያተርፈን። አንድ ቀን አንዱ ሞተ። የወረቀቱን መዝገብ ክረምት ላይ ጎርፍ ስላበላሸው፣ የልጆቹ የአራት ዓመት ልፋት የቀረው በሌላኛው ዲስክ ላይ ብቻ ነበር።

በሞተው ቦታ ባዶ ዲስክ ተክቼ መገልበጡን አስጀመርኩና ለጎረቤት ቀብር ወደ ሀና ማርያም ተጣደፍኩ። ለጸሐፊያችን ለወይዘሮ እታገኝ፣ «መሃል ላይ ከቆመ ይገልብጡት፤ አይፍሩ» አልኳቸው። የትኛውን ቁልፍ እንደሚነኩ መንገሩን ረሳሁት።

ስመለስ ማሽኑ አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሏል። ከውስጡ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይላል። የሚንኳኳው ያ የቀረን ዲስክ ነው፤ እንዲህ ካለ ሊሞት ነው።

«ወይዘሮ እታገኝ! ምን አደረጉት?»

«አንተው አይደለህ ይገልብጡት ያልከኝ?»

«አዲሱ ዲስክ ላይ ይቅዱት ማለቴ ነው እኮ!»

«ታዲያ ያባዙት አትልም ልጄ? ሃያ ዓመት ወረቀት ሳባዛ አንድም ቀን ገልብጪ ያለኝ የለም» አሉና ወገባቸውን ያዙ። «ደግሞ ክብደቱ! ዘበኛው ባያግዘኝ መች እችለው ነበር?»