ቅርፊት ያለው ዓሣ

ባለፈው ሳምንት፣ ነሐሴ ሊገባደድ ሲል፣ ከመምህራን ጓደኞቼ ጋር ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች የቆርቆሮ ምግብ ቤት ገብተን የተጠበሰ ዓሣ አዘዝን። ሎሚ ጨምቄበት ገና አንድ ጊዜ እንደጎረስኩ ከዘይቱና ከቃሪያው ሥር ያ የማውቀው የቀይ ጭቃ ሽታ መጣብኝ። አምባዛ ነበር። ጓደኞቼ ወሬያቸውን ቀጠሉ፣ እኔም በላሁ፤ ጣፈጠኝ፣ ጣቴን ሳይቀር ላስኩ፣ እናቴ ትዝ ያለችኝ ከዚያ በኋላ ነው።

እናቴ ቤት አምባዛ አይገባም ነበር። ቅርፊት የሌለው ዓሣ ለክርስቲያን አይሆንም የሚለው ሕግ ከጎጃም ይዛው የመጣችው ነው፤ አባቴ አስተማሪ ሆኖ አሶሳ ሲመደብ ከቤት ዕቃዋ ብዙውን ጥላ ስትመጣ ከሕጓ ግን አንዱንም አላስቀረችም። ጎረቤታችን ጋሽ ኸሊፋ በርታ ነው፣ ሙስሊም። እሱ ያረደውን እኛ፣ አባቴ ያረደውን እነሱ ስለማንነካ በየበዓሉ ሁለቱ ቤቶች የሥጋ ሽታ እየተሻተቱ በሽሮና በገንፎ ነበር የሚጠራሩት። ማንም ሳያርደው ማንም ሳይባርከው የሚበላ ዓሣ ብቻ ነው። እሱ የተገኘ ዕለት ሁላችንም አንድ ትሪ ከበን እንቀመጣለን፤ እኔና ልጁ ዘይነብ ትምህርት ቤት በአንድ ዴስክ፣ እቤት በአንድ ትሪ ነበርንና እሾህ መልቀም የተማርነው አንዳችን የሌላችንን ጣት እያየን ነው።

ጋሽ ኸሊፋ አማርኛ አፍ መፍቻው ስላልሆነ እናቴን «አንተ»፣ አባቴን «አንቺ» ይላል። አባቴ አስተማሪ ነውና ሊያርመው ሞክሮ ሞክሮ ሲያቅተው «ተዉት፣ የዚህ ቤት አባወራ ማን እንደሆነ ለይቷል» እያለ ይስቅ ነበር።

ነሐሴ ሲያልቅ ጋሽ ኸሊፋ ዓሣ የሚያጠምድበት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ትንሹ ግድብ ጢም ብሎ ይሞላል። ወንዙ የሚያመጣው ደለል ውሃውን ቀይ ወጥ ያስመስለዋል፣ የዳሩ ሣር ይሰምጣል፣ ጠዋት ፀጥ ብሎ ያረፈደው ውሃ ከሰዓት በኋላ በነፋስ ይናወጣል። በዚያ ወቅት አምባዛ ለመያዝ ታንኳ እንኳ አያስፈልግም፤ ወንዙ ግድቡን በሚቀላቀልበት አፍ ላይ፣ በሰመጠው ሣር መሃል ይርመሰመሳል። እናቴ የምትበላው ባለቅርፊቱ ቆሮሶ ግን ድፍርሱን ሸሽቶ ማዶ፣ ውሃው ጠራ ወደሚልበት ጥልቁ ይሄዳል። እዚያ ለመድረስ ወራጁን ማቋረጥ ግድ ነው፤ ወራጁ ደግሞ ግንድ ይዞ ይመጣል፣ ግንዱም በቀዩ ውሃ ውስጥ አይታይም።

በጋሽ ኸሊፋ ቤት ወግ የክረምቱን የመጀመሪያ ዓሣ እንግዳ ሳይቀምስ ባለቤት አይቀምስም። እንግዶቹ እኛ ነበርን፤ ያን ሁሉ ክረምት አብረን ኖረንም እንግድነታችን አላበቃም፣ እኛም ክብር መስሎን ይብቃን አላልንም። አንድ ዓመት የመጀመሪያውን አምባዛ ይዞልን ሲመጣ እናቴ ዓሣውን እንዲሁ መመለስ ነውር ነው ብላ ዳቦ ጨምራበት፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍና መለሰችለት። «ቅርፊት የሌለው እኛ ዘንድ አይበላም፣ አይቀየሙኝ» አለችው።

«ቅርፊት ያለው ይመጣል፣ ኢንሻአላህ» አላት። «አንተ ድስት ብቻ አዘጋጅ።»

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ልጆቹ የተያዘው አምባዛ ደጃቸው ላይ ተዘርግቶ እያዩ፣ አባታቸው ለእኛ ቆሮሶ እስኪያገኝ ሳይቀምሱ ይጠብቁ ነበር። ይህን ዘይነብ የነገረችኝ ትልልቅ ሰዎች ከሆንን በኋላ ነው።

የመጨረሻው ዓመት ዝናቡ ጳጉሜ ድረስ አላባራም፣ ውሃውም አልጠራ አለ። አንድ ከሰዓት በኋላ የማናውቀው ሰው በሣር የተሰኩ ቆሮሶዎች ይዞ መጣና «የእንግዳ ነው ተብሏል» ብሎ ለእናቴ ሰጥቷት በጥድፊያ ሄደ። እናቴ ጠበሰችው። ዘይነብን ልጠራ ብሄድ ቤታቸው ዝግ ነበር፤ ተመልሼ የእሷንም ድርሻ በላሁላት። የሆነውን የሰማነው አመሻሽ ላይ ነው። ግንድ ታንኳውን ገልብጦ የጋሽ ኸሊፋን ትከሻ ሰብሮታል፤ የሰመጠ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ያገኙት ሰዎች ሲያወጡት ዓሣውን ከወገቡ አስሮ ነበር አሉ። እናቴ ሳህኑን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ትከሻው እንደ ነገሩ ገጠመ እንጂ መቅዘፊያ ዳግም አላነሳም። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ዴስኩ ላይ ለብቻዬ ተቀመጥኩ፤ ዘይነብ ሌሎች ያጠመዱትን ተቀብላ ልትሸጥ ገበያ ወጥታለች። እናቴ እስክትሞት ዓሣ የሚባል አልቀመሰችም፣ ለምን ብሎ የጠየቃትም የለም። እኔ ተምሬ፣ መምህር ሆኜ፣ እዚሁ ከተማ ቀረሁ፤ የእናቴንም ሕግ መቼ እንደጣልኩት ሳላውቀው ሰው ሲበላ አይቼ አምባዛ በላሁ፣ ምንም አልሆንኩም። የሚያንገበግበኝ ይኸው ምንም አለመሆኔ ነው። እኔ እንዲህ በቀላሉ የተውኩት ነገር የአንድ ሰው ትከሻና የአንዲት ልጅ ትምህርት ሄዶበታል። ልጅ ነበርኩ እላለሁ፣ እናቴም አላወቀችም እላለሁ፤ እውነት ነው፣ ግን አያሳርፈኝም።

ጋሽ ኸሊፋ ካረፈ ቆየ፤ ያን ትሪ ከበን ከተቀመጥነው እዚህ ከተማ የቀረነው እኔና ዘይነብ ነን። እሷ ዛሬም በየክረምቱ ቆሮሶ ታስቀርልኛለች። ትናንት፣ «ዛሬስ እነግራታለሁ፣ አሁን ሁሉንም ዓሣ እበላለሁና ለእኔ ብለሽ አትድከሚ እላታለሁ» ብዬ ገበያ ሄድኩ። ከአምባዛ ክምሯ ኋላ ተቀምጣ ገና ከሩቅ ስታየኝ ጎንበስ አለችና ከመቀመጫዋ ሥር በቅጠል የተጠቀለለ ነገር አወጣች።

«ውሃው ገና ቀይ ነው፣ ቆሮሶ ጠፍቷል» አለችኝ። «ይቺን ግን ስንቱ ለምኖኝ ላንቺ አስቀረሁ። አባቴ ሊሞት ሲል እንኳ የእንግዳውን ዓሣ አደራ ብሎኛል።»

አፌን ከፈትኩ። ፊቷ ላይ ደስታም ኩራትም ነበረበት። አባቷ የተሰበረው ለአንድ ቁም ነገር እንደሆነ አምና ነው የኖረችው፤ እኔ ማን ሆኜ ነው ይህን የምወስድባት? እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተቀበልኳት።

«ቅርፊት የሌለውን አሁንም አትበሉም አይደል?» አለችኝ።

«አንበላም» አልኳት።