የተለቀለቀው ግንብ

የዚያን ቀን ግቢው ውስጥ የነበርነው እናቴ፣ እኔ፣ የግንቡ ጠባቂ አያ ደሴ፣ ባለቤታቸው እትዬ አበጀሽና ልጃቸው ውባለም ነን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የቅርስ ሹሙ መጣ።

ግንቡ ጎንደር ከተማ ውስጥ ያለ የጥንት መኳንንት ቤት ነው። በደርግ ጊዜ በቅርስነት ተመዝግቦ መንግሥት ያስጠብቀው ነበር። ጓሮው ወይራና ኮክ ሞልቶበታል፤ ኮኩ ሲበስል ሽታው አጥር ተሻግሮ እኛ ቤት ይገባል። እኔና ውባለም ከትምህርት ቤት ስንመለስ ወይራው ሥር ጠጠር ስንጫወት ይመሽብን ነበር። እነ አያ ደሴ የሚኖሩት ከግንቡ ምድር ቤት፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። ከተማው ውስጥ ሌላ መጠጊያ አልነበራቸውም። ሕጉ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ ግድግዳው ላይ ሚስማር እንኳ አይመታም።

እትዬ አበጀሽ ልጃቸውን ይዘው ከትክል ድንጋይ የመጡት በቅርቡ ነበር። በእሳቸው አገር እንግዳ ሲመጣ ቤት በእበት ይለቀለቃል። ሹም ሊመጣ ነው ሲባል ሰሙና፣ ባላቸው ገበያ በሄዱበት፣ የግንቡን ፊት እጃቸው እስከደረሰበት ለቀለቁት። በጣታቸውም ቅስት ቅስት አድርገው አስጌጡት።

አያ ደሴ ሲመለሱ ራሳቸውን ያዙ።

“አንቺ ሴት፣ ከቤት አስወጣሽን!”

“ምነው? ሸጋ አልሆነም?”

እናቴ ሳቋን ዋጥ አድርጋ እንስራዋን አነሳች። ውሃ ስናመላልስ፣ በሣር ስንፈትግ ቀትር አለፈ። ከድንጋዩ መሐል የገባው እበት ግን አልወጣም አለ።

ሹሙ መጥቶ እርጥቡን ግድግዳ ዳሰሰ፤ ጣቱን አሸተተ።

“ይህ ምንድን ነው?”

“ዝናብ ነው፣ ጓድ” አሉ አያ ደሴ።

“በጥር?”

እትዬ አበጀሽ አላስቻላቸውም። “ምነው ትዋሻለህ፣ አንተ! እኔ ነኝ የለቀለቅሁት፣ የኔ ጌታ። እንግዳ እየመጣ ቤት ዝም ይባላል? ለእርስዎ ብዬ ነው።”

ሹሙ ሳቀ። ይቅር ያለን መስሎን እኛም ሳቅን። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ “አባቴ፣ እርስዎ ጥበቃዎን ይቀጥሉ። ቤተሰብ ግን ከእንግዲህ እዚህ አይኖርም” አለ። ቁጣ እንኳ አልነበረበትም።

በሳምንቱ እናትና ልጅ ወደ ትክል ድንጋይ ተመለሱ። ኮኩ ገና አበባ ላይ ነበር፤ ውባለም “ሲበስል አስቀምጪልኝ” ብላኝ ሄደች። አያ ደሴም ብቸኝነቱ ከበዳቸውና ክረምት ሳይገባ ተከተሏቸው። ኋላ ጦርነቱ ሲብስ ወሬያቸው ጠፋ።

ግንቡ ዛሬም ቆሟል። በዚያ ባለፍን ቁጥር ልጆቼን “ግድግዳውን እንዳትነኩ፣ ዛፉ ላይ እንዳትወጡ” እላለሁ፤ የእናት ፍርሃት መቼ ያልቃል። ሹሙ ቅርሱን መጠበቁ ልክ እንደነበር አሁን ይገባኛል። ቢሆንም ያኔ ሰው ይኖርበት ነበር፤ ማታ ማታ ከምድር ቤቱ መብራት ይታይ ነበር። አሁን ጨለማ ነው።

ውባለም ደሴን የምታውቁ፣ በትክል ድንጋይም ይሁን በሌላ አገር ያያችኋት ካላችሁ፣ ደህና መሆኗን ብቻ ንገሩኝ።