መርከቡ ሳይነሳ የበላነው ምሳ

ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሲያትል ከገባ በኋላ ጋራዥ ሠርቷል፣ ሆቴልም ሠርቷል፤ የረጋው ግን በአውቶቡሱ ነው። ከሌክ ሲቲ ሰፈር መሃል ከተማ የሚወስደውን መስመር እኔ ጓዳዬን የማውቀውን ያህል ያውቀው ነበር። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ገደማ አንድ ቀን ከሥራ ገብቶ ጃኬቱን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠና ጡረታ ልወጣ ነው አለኝ። ጊዜው ገና ነበር። ምነው ስለው ጀርባውን እንደሚያመው፣ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ እንዳቃተው ነገረኝ። የሹፌር ሁሉ በሽታ ይኸው ስለሆነ አመንኩት። ቅባት ገዝቼ ወገቡን አሸው ነበር። እሱም ምንም ሳይል ይታሸልኝ ነበር።

የሥራ ጓደኞቹ መሸኛ ይሁንህ ብለው አዋጥተው ለሁለታችን የአላስካ መርከብ ትኬት ሰጡን። ያን ጊዜ ከሲያትል የሚነሱ ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች ብርቅ ነበሩ፤ ከምናውቀው አበሻ አንዱም ሄዶ አያውቅም። እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። ፈቃድ ማግኘት ስለማይቀለኝ ትንሽ አንገራገርኩ። ሌላ ስቴት ኮሌጅ የምትማረው ልጃችን ግን እየደወለች ካልሄዳችሁ ብላ ነዘነዘችን።

የምንሳፈርበት ቀን ሰኔ ውስጥ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ካፊያ ነው። አንድ ጓደኛው በመኪናው ወደቡ በር ድረስ አደረሰን። ሰልፍ ይዘን፣ ወረቀት አሳይተን፣ ፎቶ ተነሥተን ገባን። ከዚያ አንዲት ሠራተኛ ክፍሎቹ ገና እየጸዱ ስለሆነ ከሰዓት በፊት መግባት እንደማይቻል፣ ምሳ ግን ላይኛው ፎቅ በቡፌ መቅረቡን ነገረችን። ከኛ በፊት የገባውንም ከኋላችን የሚመጣውንም ወደዚያው ነበር የምትልከው።

አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ የሰሃኑና የሹካው ድምፅ ከሰው ጫጫታ ጋር ተደባልቆ ጆሮ ይደፍናል። የመርከቡ ተሳፋሪ በሙሉ አንድ ቦታ ተከማችቷል። የሚገባበት ክፍል ስለሌለው አንዱ ሻንጣውን ይጎትታል፣ ሌላው ካፖርቱን በክንዱ አንጠልጥሏል፣ ሌላው ልጁን ታቅፏል። ሰልፉ ከሁለት አቅጣጫ ተነሥቶ መሃል ላይ ይጋጫል። ሰላጣ ብቻ የፈለገ ከኋላ ሲገፋ፣ ሥጋ እስኪቆረጥለት የሚጠብቅ ደግሞ ፈቀቅ አይልም። ጠረጴዛ ያገኘ ባርኔጣውን አስቀምጦበት ይሄዳል። ያላገኘ ሌሎች በልተው እስኪጨርሱ አጠገባቸው ቆሞ ይጠብቃል።

ሁለት ጊዜ ያህል ከዞርን በኋላ አንድ ምሰሶ ሥር ትንሽ ጠረጴዛ ሲለቀቅ አየሁና ቶሎ ብዬ ተቀመጥኩ። እሱ አልተቀመጠም።

"አንቺ ቦታውን ያዢ፣ እኔ ላምጣ" አለኝ።

የሰኔ ጾም ነበርና ሥጋም ወተትም የሌለበት እንዲፈልግልኝ ነገርኩት። እሱም ጿሚ ነው። አውቃለሁ ብሎ ሄደ። ግራጫ ሹራቡ ሰልፉ ውስጥ ሲገባ አየሁት። ከዚያ አንድ ረጅም ሰውዬ ከለለው።

ስጠብቅ ቆየሁ። ወንበሩ ሰው አለው ወይ እያሉ ብዙዎች ጠየቁኝ፤ አለው እያልኩ በእጄ ይዤ ቆየሁ። ሰልፉ ሲሄድና ሲመጣ ሹራቡን እፈልጋለሁ፣ የለም። የጾም ምግብ እየጠየቀ ይሆናል አልኩ። መጸዳጃ ቤት ሄዶ ይሆናል አልኩ። ብዙ ከቆየ በኋላ ጀርባውን አሞት የሆነ ቦታ ተቀምጦ ይሆናል ብዬ ተነሣሁ። ገና አንድ እርምጃ ሳልራመድ ወንበሮቹ ተወሰዱ።

ትሪ በያዘ ሰው መሃል ይቅርታ ይቅርታ እያልኩ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ሄድኩ። ሩዝ የሚጨምረውን ወጥ ቤት ጠየቅሁት፤ ራሱን ነቀነቀ። ግራጫ የለበሰ በበዛበት አዳራሽ፣ ግራጫ ሹራብ የለበሰ ጥቁር ሰው አይተሃል ማለት ለራሴም ሞኝነት መሰለኝ። በዚህ ሁሉ ወከባ ከወደቀ ማን ያየዋል የሚል ፍርሃት ያዘኝ።

ያገኘሁት ማዶ፣ መስኮቱ ጋ ነው። አራት ሰው በሚይዝ ጠረጴዛ ላይ ከአንዲት ነጭ ፀጉር ካላት አሜሪካዊት ሴትዮ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ሰሃኑ ላይ ዶሮና አይብ ተከምሯል፤ አልነካውም። እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። የሴትዮዋ ባል ሁለት ሰሃን ይዞ አጠገባቸው ቆሟል፤ ምን ማድረግ እንዳለበት ግራ ገብቶታል። ደርሼ ባዶውን ወንበር ስይዝ ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ። ፈገግ አለ። ለአውቶቡሱ ተሳፋሪዎች የሚያሳየው ፈገግታ ነው። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ በትሕትና፣ ይቅርታ ቦታው ተይዟል አለኝ።

"ባለቤቴን እየጠበቅሁ ነው፣ አሁን ትመጣለች" አለ።

ያንን ዓይን አውቀዋለሁ። ሥራ ቦታዬ በየቀኑ አየዋለሁ። ልጆቻቸው ሊጠይቋቸው ሲመጡ እነዚያ ሽማግሌዎች የሚያዩአቸው እንደዚህ ነው፤ ጨዋ ሆነው፣ ከሩቅ። ቀስ ብዬ በአማርኛ፣ "እኔ እኮ ነኝ" አልኩት። አየኝ፣ ሰሃኑን አየ፣ ሴትዮዋን አየ። ፊቱ ሲመለስ አየሁት፤ ከመርሳቱ ይልቅ ያስፈራኝ እሱ ነው፤ ምክንያቱም ምን እንዳደረገ ወዲያው ገባው።

ሴትዮዋ ክንዴን ነካ አድርጋ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረችኝ። መጥቶ ሲቀመጥ ከሌላ ሰው ጋር እንዳምታታት ገብቷት ነበር፤ በሰው ፊት እንዳያፍር ብላ ዝም አለች። ባሏም ምንም አላጉረመረመም። አመሰገንኳቸውና ባለቤቴን በክንዱ ይዤ አስነሣሁት።

የምንሄድበት አልነበረም። ክፍላችን አልተከፈተም፣ ጠረጴዛችን ተወስዷል፣ ሰው ከየአቅጣጫው ይገፋናል። ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። ሲያየን የነበረ አንድ አስተናጋጅ፣ ፊሊፒናዊ ይመስለኛል፣ የያዘውን የቆሸሸ ሰሃን አስቀምጦ መጣ። ምን እንደሆንን አልጠየቀም። ታች ያለው ዋናው የምግብ አዳራሽ ዛሬም ምሳ ክፍት እንደሆነ፣ የመጀመሪያው ቀን ሰው ስለማያውቅ ሁሉም እዚህ እንደሚጋፋ ነገረንና እስከ ሊፍቱ ራሱ ወሰደን።

ታች ስንወርድ ጫጫታው ጠፋ። ሰፊ አዳራሽ፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ አልፎ አልፎ የተቀመጡ ጥቂት ሰዎች። በመስኮቱ ፌሪ ጀልባ እያቋረጠ ሲሄድ ይታያል። አስቀመጡን፣ ጾመኛ መሆናችንን ነገርኳቸው፣ የምስር ሾርባና ዳቦ አመጡልን። ሁለታችንም ማንኪያ አነሣን።

ቆይቶ፣ "ሴትዮዋን አስቸገርኳት?" አለኝ።

"አላስቸገርካትም። ደግ ሰው ናት።"

"አንቺንስ ምን አልኩሽ?"

ልዋሸው አስቤ ነበር፤ ግን ያለኝን እንዳለ ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣ "ሥራ ያቆምኩት ጀርባዬን አሞኝ አይደለም" አለኝ።

ከዚያ ነገረኝ። አንድ ጠዋት አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ዘወትር የሚያልፍበት መብራት ላይ ቆመ። አረንጓዴ በራ። ወደ የት እንደሚታጠፍ ጠፋው። የሚጣደፍ ሰው ቃል እንደሚጠፋው ዓይነት አልነበረም አለኝ፤ መንገዱን ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቅ መሰለው። ከኋላው መኪናዎች ጥሩንባ ነፉ። የፊተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጥ አንድ ደንበኛ ነበረው፣ ሆስፒታል የሚሠራ ሰውዬ፤ ተነሥቶ አጠገቡ ቆመና ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ነው አለው። እንቅልፍ ያላገኘ መስሎት ነው። እንደዚያው እያንዳንዱን መታጠፊያ እየነገረው የራሱን መውረጃ አልፎ እስከ መጨረሻው ፌርማታ አብሮት ሄደ። ባለቤቴ ከዚያ ወዲያ ደጋግሞ ሲያጋጥመው፣ የሰው ሕይወት ይዤ አልነዳም ብሎ ተወው። ለማንም አልተናገረም።

ለኔስ ለምን አልነገርከኝም አልኩት።

"አንቺ ቀኑን ሙሉ የምታዪው ይህንኑ ነው" አለኝ። "ቤትሽ ስትገቢ ደግሞ እኔን እንድታዪ አልፈለግሁም።"

ሾርባው ቀዘቀዘ። አስተናጋጁ መጥቶ ሳይጠየቅ ሌላ ትኩስ ቀየረልን። ወዲያው በድምፅ ማጉያው ተሳፋሪ ሁሉ ለአደጋ ጊዜ ልምምድ እንዲዘጋጅ ተነገረ። መርከቡ ሊነሣ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ እንውረድ አልኩት።

"ወርደን ምን እናደርጋለን?"

"ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን።"

"ሐኪሙ ሳምንት ቢቆይ የሚለወጥ ነገር አለ?"

ሥራዬ ነውና መልሱን አውቀዋለሁ። "የለም" አልኩት።

"እንግዲያው እንሂድ" አለኝ። "አሁን አውቅሻለሁ።"

ሄድን። መርከቡ ከወደቡ ሲላቀቅ ሌላው ሰው ሁሉ ላይ ወጥቶ እጁን ያውለበልባል፤ እኛ ግን ለልምምዱ የለበስነውን ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ጃኬት አውልቀን ክፍላችን አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። ያን ቀን አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም። ሻንጣችን ሲመጣ ልብሶቹን አንድ በአንድ እያወጣ በየመስቀያው ሰቀለ፣ የኔንም ጭምር።

ከዚያ በኋላ ላይኛውን አዳራሽ አልረገጥንም። ቁርስ ክፍላችን ያመጡልናል። ምሳና እራት ታች፣ ያው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አስተናጋጆቹ ነገሩ ሳይገባቸው አልቀረም መሰለኝ ለሌላ ሰው አይሰጡብንም ነበር። እሱን ፊቱን ወደኔና ወደ ግድግዳው አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ቀና ሲል ከኔ ሌላ ሰው እንዳያይ ነው። ወዲያ ወዲህ ስንል እጁን እይዛለሁ። አበሻ ነንና በሰው ፊት እጅ ለእጅ ተያይዘን አናውቅም ነበር፤ መጀመሪያ አፈርን፣ በኋላ ለመድነው። አላስካ፣ ባሕሩ ዳር ያለው የበረዶ ተራራ ጋ ስንደርስ ሁለታችንም ብርድ ልብስ ተከናንበን ወጣን። ቤት የሚያክል በረዶ ተገምሶ ባሕሩ ውስጥ ሲወድቅ እንደ ነጎድጓድ አስተጋባ። እሱ እጄን ጥብቅ አድርጎ፣ ይህን ልረሳው ነው አለኝ። እኔ አስታውሰዋለሁ አልኩት።

ስንመለስ ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገረን። ለጓደኞቹ እንድነግራቸው ፈቀደልኝ፤ ለልጃችን ግን ራሱ ደወለላት። ቆይቶ እንግሊዝኛው ከአማርኛው ቀድሞ ጠፋበት። ልጃችን እዚህ ያደገች ናትና አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትናገርም። ከአባቷ ጋር ለማውራት ስትል በትልቅነቷ መማር ጀመረች። አንዳንዴ ተሳስታ ደህና አደርሽ ትለዋለች። እሱም አደርክ ነው የሚባለው እያለ ያርማት ነበር። ማረም ካቆመ በኋላም እሷ በአማርኛ ማውራቷን አላቆመችም።

በየሠርጉና በየክርስትናው ስንጠራ የመርከቡን ትምህርት ነው የያዝኩት። አዳራሹ ከሲያትል ዳር ኬንት ይሁን ሾርላይን፣ ቀደም ብለን እንሄዳለን፣ ጥግ እንይዛለን። የምግቡ ሰልፍ ሲነሣ ሌላ ሰው ያምጣልን እላለሁ እንጂ ከአጠገቡ አልነሣም። ሰዎች ኮርታለች ብለው ይሆናል። ይበሉ።

ከዓመታት በኋላ ቤታችን አልጋ ላይ፣ ልጃችንም እኔም ባለንበት አረፈ። ከቀብሩ በኋላ ልጄ ያን ቀን ከመርከቡ ባለመውረዳችሁ ይቆጭሻል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የመጡት ለቀስተኞች ሄደው ሁለታችን ወንበር እያጣጠፍን ነበር። ያ ሳምንት እሱ ከነሙሉ ልቡ የሰጠኝ የመጨረሻው ሳምንት እንደነበር፣ ወርደን ቢሆን ኖሮ በሐኪም ቤት ወረፋ ያልፍ እንደነበር ነገርኳት። ወንበሩን ከእጄ ተቀበለችኝ።