የእትዬ ትበርህ ቤት ፕላን

ታዲዎስ ቂርቆስ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የሕንፃ ቴክኖሎጂ ይማር ነበር። ኮምፒውተር ላይ እጁ ፈጣን ነው፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ መለካት ግን አይወድም።

ሁለተኛ ዓመት ላይ መምህር ፊሮምሳ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ አሮጌ ቤት በሜትር ለክቶ ፕላኑን እንዲያመጣ አዘዙ። የክፍል ጓደኛው ራሕዋ ካዛንቺስ የሚገኘውን የእትዬ ትበርህን የጭቃ ቤት መረጠች። ሰፈሩ ለልማት ሊነሣ ቀን ተቆርጦለት ስለነበር ቸኩላለች። ታዲዎስ የሜትሩን ጫፍ ሊይዝላት አብሯት ሄደ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ኳስ አለብኝ ብሎ ጥሏት ተመለሰ። እሷ ሦስት ቀን ሙሉ ለካች።

እሱ የሚለካው ቤት ሳይፈልግ የማስረከቢያው ቀን ደረሰ። ራሕዋ በእርሳስ የሠራችውን ፕላን እስቲ ልየው ብሎ ተቀበላትና፣ ዞር ስትል በስልኩ ፎቶ አነሣው። ከዚያ በኮምፒውተር አሳምሮ ሠርቶ የራሴ ነው ብሎ አስረከበ።

መምህሩ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጓቸው። የጓዳው ግድግዳ በሁለቱም ላይ እኩል ጠሟል። ሁለቱንም ጠርተው ቤቱን የለካው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ራሕዋ ወደ ታዲዎስ ዞረች፤ እውነቱን ራሱ እንዲናገር ጠበቀችው።

«እኔ ነኝ» አለ ታዲዎስ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ።

ራሕዋ የልኬት ደብተሬን ላምጣ ብትልም፣ መምህሩ ደብተርም ይገለበጣል አሏት። ሄዶ እንዳይጠየቅ ሰፈሩ ፈርሷል፤ ነዋሪውም ተበትኗል። በኮምፒውተር ያማረውን ሥራ አመኑና ለእሷ ዜሮ፣ ለእሱ ከክፍሉ ትልቁን ውጤት ሰጡ። ጓደኞቹ እንኳን ደስ አለህ ሲሉት አንገቱን ደፋ፤ እውነቱን ግን አልተናገረም።

ከወር በኋላ ለገሃር የታክሲ ሰልፍ ላይ አንዲት አሮጊት ክንዱን ያዙት። እትዬ ትበርህ ነበሩ። ሜትር ይዞ አይተውት ስለነበር አልረሱትም። አሁን ጎተራ ኮንዶሚኒየም እንደሚኖሩ ነገሩት።

«ያቺ ልጅ ፕላኑን ኮፒ አድርጋ አመጣችልኝ» አሉት። «ከቤቴ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። ባለቤቴ ሲያቆመው የጠመመበት ግድግዳ እንኳ ሳይቀር ፕላኑ ላይ አለ። ደህና ናት? ጎበዝ ትሆናለች፣ አይደል?»

«አዎ፣ እትዬ» አለ።

ሰልፉን ትቶ በእግሩ ኮሌጅ ድረስ ሄደ፤ ለመምህሩም ሁሉንም ነገራቸው። መምህር ፊሮምሳም ልጅቷን ሳይሰሙ እንደፈረዱባት አመኑ። በማግስቱ መምህሩና ታዲዎስ ክፍሉ ፊት ቆመው ጥፋታቸውን ተናገሩ። የራሕዋ ውጤት ተስተካከለ፤ ታዲዎስ ትምህርቱን እንዲደግም ተወሰነ።

ኮሪደሩ ላይ ይቅርታ ሲጠይቃት ራሕዋ አልተቆጣችም።

«ይቅርታህን ሰምቻለሁ» አለችው። «ግን እኮ ዓይን ዓይኔን እያየህ ነው የዋሸኸው።»

በዓመት ዘግይቶ ተመረቀ፤ ዛሬ በአንድ አነስተኛ የግንባታ ቢሮ ይሠራል። ባለፈው ሰሞን ከመስቀል አደባባይ ባቡር ሲሳፈር ራሕዋን አገኛት። እሷ በደህና ሰላም አለችው፤ ስለ ሥራውም ጠየቀችው። እየመለሰላት ቀና ብሎ ሊያያት ግን አልቻለም። ከመውረጃው አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወረደና የቀረውን መንገድ በእግሩ ሄደ።