ባለቤቴ ሳይጠጣ የተንገዳገደበት ረመዳን

እኛ ሮቢት ቆላ ውሃ የሚያከፋፍለውን ሰው የውሃ አባት እንለዋለን። ከወንዙ በቦይ የሚመጣው ውሃ ዛሬ የማን ማሳ ገብቶ ነገ የማን እንደሚገባ የሚናገረው እሱ ነው። ሽንኩርት ደግሞ ጥማት አይችልም፤ ተራው የተዛባበት ገበሬ ዓመቱን ሙሉ ያለቅሳል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ሰካራም አይጠጋም። ባለቤቴን የመረጡት መጠጥ በተወ በሁለተኛው ዓመት ነበር። ከዚያ በፊትማ እንኳን ውሃ፣ የገዛ ጫማውንም አያምኑትም።

አጠጣጡን ላሳጥረው። እስላም ሆኖ አረቄ! ጀውሃ ወርዶ ከከባድ መኪና ነጂዎች ጋር ይቀመጣል። እኔ ያን ጊዜ ማንጎ ተሸክሜ ካራቆሬና አጣዬ ገበያ ስዞር፣ በየመንገዱ «ባልሽን አየነው» የሚለኝ አይጠፋም። ከሸጥኩት ማንጎ የሸመትኩት ወሬ ይበዛ ነበር። አንድ ቀን እዚያው ጀውሃ ደም አስመለሰው። ነጂዎቹ አዲስ አበባ ሆስፒታል አደረሱት፤ ሐኪሞች ከጨጓራው አብዛኛውን ቆርጠው አወጡለት፤ ቁስል ጨርሶት ኖሯል። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ብትጠጣ ትሞታለህ» አለው። ተውበት አደረገ፤ ተጸጽቶ ለአላህ ቃል ገባ። ወላሂ ከዚያ ወዲህ አልቀመሰም።

እኛ ግን ሌላ ጥፋት አጠፋን። መቆረጡን ደበቅን። «አረቄ ሆዱን አስቀደደው» እንዳይሉን «ዘመድ ጥየቃ ሰንብቶ መጣ» አልን። ቆይቶ እየገረጣ ሲመጣ ጤና ጣቢያ የምሄደው እኔ ነበርኩ፤ «ደም አንሶታል» ብዬ የቫይታሚን ኪኒን እቀበላለሁ። መርፌ የሚወጋው ድሬሰር፣ ደግ ልጅ ነበር፣ «ራሳቸው ለምን አይመጡም?» ሲለኝ «ውሃ ላይ ነው» እላለሁ። ውሸት አልነበረም፤ እውነቱም ግን እሱ ብቻ አልነበረም።

መጠጥ በተወ በአራተኛው ዓመት፣ ዘመኑ ደርግ ነው፣ ረመዳን ላይ እግሩ ከዳው። አሁን እንደተወለደ ጥጃ ይሄዳል። የቦዩን ዳር ይረግጥና ይንዳል፣ ውሃው የሰው ተራ ይዞ ይሄዳል። የማሳ ጎረቤታችን ምላሰኛ ነው፤ ሰው በተሰበሰበበት፦

«የውሃ አባት ሆይ! ዛሬ የማን ተራ ነው? የውሃው ወይስ የአረቄው?»

ሰው ሳቀ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ግን አልሳቀም። «ከኢድ በኋላ ስብሰባ አለ፤ ሌላ ሰው እንመርጣለን» አለ። ለባለቤቴ ያ ሥራ ሥራ ብቻ አልነበረም፤ ሰው ዳግመኛ እንዳመነው የሚያውቀው በሱ ነበር።

ቤት ገብቶ መደብ ላይ ተቀመጠ። እኔ ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሻሹን የማስተካክልለት መስዬ ጠጋ አልኩና አፉን አሸተትኩ። የጾመኛ አፍ! አረቄ አይሸትም።

«አሽትቺ» አለኝ። «አገሩ ሁሉ አሽትቶኛል፤ አንቺ ቀርተሽ ነበር።»

ያን ቀን ያፈርኩት እፍረት እስካሁን ፊቴን ያሞቀዋል። ልክሰው ብዬ ኪኒኑን እጥፍ አደረግኩለት፤ ሲያፈጥር ሁለት፣ ከንጋት በፊት ለሰሁር ሁለት። ምንም የለም።

አንድ ቀን ለዐሱር ሶላት ውዱእ ሲያደርግ ውሃ ሳፈስለት ተረከዙ ላይ የግራር እሾህ ተሰብሮ ገብቶ መግል ይዞ አየሁ።

«ይሄ መቼ ወጋህ?»

«የቱ?»

መርፌ አምጥቼ መንቀል ጀመርኩ። እሱ ወዲያ ወዲያ ያያል።

«እየወጋሁህ እኮ ነው!»

«መች ወጋሽኝ?»

መርፌውን ጣልኩት። ሰካራምም ቢሆን ስካሩ ሲበርድለት እሾህ ያመዋል። ይሄ ሌላ ነገር ነው አልኩ። በማግስቱ እየደገፍኩ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት።

ድሬሰሩ ልቡን ሊያዳምጥ ሸሚዙን ገለጠና ከደረቱ እስከ እምብርቱ የወረደውን ጠባሳ አየ። ዞሮ አፈጠጠብኝ።

«እትዬ! ይሄን ነው ሲደብቁኝ የኖሩት?»

ሁሉንም ነገርኩት። ተቆጥቶም ቢሆን እንዲገባኝ አድርጎ አስረዳኝ። «ጨጓራ የምግብ ከረጢት ብቻ አይደለም። ለደምና ለነርቭ የሚሆነውን አንዱን ቫይታሚን ሰውነት እንዲቀበለው የሚያደርገው እሱ ነው። እርስዎ በአፍ ይሰጣሉ፣ ውስጥ ተቀባይ የለም። ጋሼ የሚንገዳገዱት ነርቫቸው ተርቦ ነው።»

«እጥፍ አድርጌ ሰጥቼው ነበር።»

«እጥፉም አለፈ።» ከዚያ እንደ ሮማን ጭማቂ የቀላ መድኃኒት በመርፌ ሳበ። «ይሄ በሆድ አያልፍም።»

ባለቤቴ ክንዱን ሰበሰበ። «ጾመኛ ነኝ።»

«ለታመመ ተፈቅዷል» አልኩ፤ «ክንድህን ስጥ፣ አንተ ሰውዬ!»

መጀመሪያ በየቀኑ፣ በኋላ በየሳምንቱ ተወጋ። ኢድ ሲደርስ በዱላ ይሄድ ነበር፤ ፊቱ ግን ደም መልሷል። ስብሰባው ዋርካው ሥር ነው። ሴቶች ከኋላ ተቀምጠናል። ሊቀመንበሩ አፉን ሳይከፍት ባለቤቴ ተነሣና ሸሚዙን ገለጠ።

«እዩት» አለ። «አረቄ ነው ያስቆረጠኝ። አፍሬ ደበቅኳችሁ። የሚያንገዳግደኝ ግን በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም ተገኝቷል። አራት ዓመት አልጠጣሁም።»

ቀድሞ የተናገረው ያው ምላሰኛ ጎረቤታችን ነው።

«ጨጓራ ከሌለህ ታዲያ ለኢድ እኔ ቤት የበላኸው ገንፎ የት ገባ?»

ዋርካው ሥር ሳቅ ሆነ፤ ሊቀመንበሩ ሳይቀር። አንድ ሽማግሌ «እግርህስ ይድናል?» አሉት። «ወራት ይፈጃል፤ የደነዘዙት ሁለት የእግር ጣቶቼ ነገር ግን እንጃ» አለ። ሳይዋሽ በመናገሩ ይመስለኛል ልባቸው የራራው። ውሃው ከሚከፈልበት ቦታ ተቀምጦ ተራ ይጥራ፣ እግሩ እስኪጠና ቦዩን ሌላ ሰው ይዙርለት ተባለ።

«እኔ እዞርለታለሁ» አለ ጎረቤታችን መሬት መሬት እያየ።

በማግስቱ ምሳውን ይዤ ስወርድ ባለቤቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጎረቤታችን አካፋውን ይዞ፣ ውሃውን ቀስ አድርጎ ወደ ገዛ ማሳው ያዞራል።

«አንተ!» ሲል ባለቤቴን ሰማሁት፤ ድምፁ ሜዳውን ሞላው። «የአንተ ተራ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው! ውሃውን መልስ!»

መለሰ።