የስመኝ ደብተር

ዳንግላ ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ነጩን ጋዋን ገና ሳልለብስ ወደ ላቦራቶሪ ተጠራሁ። ላቦራቶሪ የምንለው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማይክሮስኮፕና አንድ የስፒሪቶ መብራት ያለበት ጠባብ ክፍል ነበር። ሁላችንም «ዶክተር» እያልን የምንጠራቸው ዋና ሐኪም ሽንት የያዘ ብርጭቆ አቀበሉኝ።

«የጤና መኮንን ተብለህ መመረቅህን ሰምቻለሁ። እስቲ ይህን መርምር» አሉኝ።

ሰማያዊውን የስኳር መመርመሪያ ፈሳሽ በቱቦ ቀዳሁ፤ ስምንት ጠብታ ሽንት ጨምሬ አፈላሁት። መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ በመጨረሻ እንደ ሸክላ ቀላ።

«ስኳር ሞልቶታል። ትልቅ ሰው መሆን አለበት» አልኩ።

«የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ሳምንት አትቆይም» አሉና ወጡ።

ልጅቱ ስመኝ ትባላለች። አባቷ አያ ቢተው የዘንገና ገበሬ ናቸው፤ በፈረስ ከፊታቸው አስቀምጠው ነው ያመጧት። «ውሃ አይበቃትም። ትበላለች፣ ግን ትከሳለች። ዓይን ነው አሉኝ፤ እኔ ግን ወደናንተ መጣሁ» አሉኝ።

በላምባ በሚሠራው ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ብልቃጥ ኢንሱሊን ነበር። የተቀመጠው ለአንድ ዳኛ ነው። ለልጅቱ ይሰጥ ብዬ ዶክተሩን ለመንኩ።

«ዳኛው ከጠየቁኝ ስምህን ነው የምነግራቸው» አሉ።

«ይንገሯቸው።»

በአራተኛው ቀን ስመኝ ተነስታ ተቀመጠች። ለአባቷ በአዊኛ አንድ ነገር ተናግራ ሁለቱም ሳቁ። ምን እንዳለች ጠየቅኋቸው። «ይህ ሰውዬ ሽንቴን እየቀቀለ ምን ያደርገዋል አለች» አሉኝ።

መርፌው በየቀኑ ነው፤ ከዘንገና ዳንግላ በየቀኑ መመላለስ ደግሞ አይቻልም። አባቷን ላስተምር አሰብኩ። ዶክተሩ፣ «ለገበሬ መርፌ ሰጥተህ ልጅ ልታስገድል ነው» ብለው ተቆጡ፤ በኋላ ግን አልከለከሉኝም። አያ ቢተው መጀመሪያ ድንች ላይ ተለማመዱ። ቁጥር ስለማያነቡ በመድኃኒት አምፑል መቁረጫው ሞረድ ስሪንጁ ላይ ጭረት አወጣሁና፣ «እስከዚህች ይሳቡ» አልኳቸው። ብልቃጡን በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀብረው እንዲያስቀምጡ ነገርኳቸው። አገሩ ብርዳም መሆኑ ረዳን። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከአንዳንድ ቁስል አሳሪ ድሬሰሮቻችን የተሻለ መርፌ ወጉ።

በየወሩ ልጅቱን ይዘው ይመጡ ነበር። ክብደቷን፣ የሽንቷን ቀለም፣ የበላችውን፣ የወሰደችውን መጠን በደብተር እጽፋለሁ። ሌሎች ልጆችም መጡ። አብዛኞቹ ሲደርሱ ነፍሳቸው እየወጣች ነበር፤ እነሱንም ጻፍኳቸው። ስመኝ ግን አደገች። ጥርሶቿ ወልቀው በቀሉ። ያንንም ጽፌዋለሁ።

ሁለት ዓመት እንዳለፈ ዶክተሩ ደብተሩን ወስደው አነበቡት።

«ይህ ለሐኪሞች ጉባኤ ይበቃል። የማቀርበው እኔ ነኝ፤ የጤና መኮንን ቢያቀርበው የሚሰማው የለም። አንተን ደግሞ ውጭ አገር ሄደህ ሕክምና እንድትማር አስመርጥሃለሁ።»

«እሺ ዶክተር» አልኩ። ለማሰብ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም።

ሥራዬን ሳስረክብ ማይክሮስኮፑን፣ የመድኃኒት ቤቱን ቁልፍ፣ አንሶላውን ሳይቀር ቆጥሬ አስፈረምኩ። የስመኝን ኢንሱሊን ከአዲስ አበባ በየወሩ የማዘው እኔ እንደነበርኩ ግን ለተተኪዬ አልነገርኩትም። ዶክተሩ ያውቃሉ ብዬ ነው። እሳቸውም ጽሑፉ በጉባኤ ከተነበበ በኋላ ሹመት አግኝተው ዳንግላን ለቀቁ።

ሐኪም ሆኜ ስመለስ መጀመሪያ የሄድኩት ዘንገና ነው። አያ ቢተውን ደጃቸው ላይ አገኘኋቸው። ስለ ልጅቱ ከመጠየቄ በፊት ፊታቸው ነገረኝ።

«ክሊኒኩ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። የለም፣ ሌላ ቦታ ፈልግ አሉኝ» አሉ። «መርፌውን በየቀኑ ቀቅያለሁ። ውስጡ የሚሞላ መድኃኒት ነው ያጣሁት።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም። እንድቀመጥ ከጋበዙኝ በኋላ፣ «ያ በየወሩ ይጽፉት የነበረው፣ ለሰው ጠቀመ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ጠቅሟል» አልኩ። የጠቀመው ለሁለት ሰው ነበር። አንዱ እኔ ነኝ።

የቀረውን ዕድሜዬን የልጆች ስኳር በሽታን ሳጠናና ወጣት ሐኪሞችን ሳሠለጥን አሳለፍኩ። የዶክተሩን ጽሑፍ በኋላ አንብቤዋለሁ። ስመኝ በውስጡ «አንደኛዋ በሽተኛ» ተብላለች፤ ሕክምናውም የተሳካ ነው ይላል። ሲጻፍ እውነት ነበር። በስሜ እንዳልወጣ ለዓመታት እቆጭ ነበር። ምን ያህል የማይረባ ቁጭት እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አንዲት ጎበዝ ሠልጣኝ የጥናት ዕቅዷን ይዛልኝ መጣች። «ጥናቱ ሲያልቅ የልጆቹን ኢንሱሊን የሚያዘው ማን ነው?» አልኳት።

«እሱ የጥናቱ አካል አይደለም፣ ፕሮፌሰር።»

«የሰው ስም ጽፈሽበት ተመለሺ።»

ተናዳብኝ ለወራት አላናገረችኝም። ሌሎቹም ይናደዱ ነበር፤ ሽማግሌው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚያውቀው ይሉኛል አሉ። ልክ ናቸው።

ሥራ ስታስረክቡ ከዕቃው በፊት በሽተኞቻችሁን በስም አስረክቡ። እኔ አላደረግኩትም፤ ልጅቱ ሞተች።